ሞተሩ ይመሰገናል፣ ካምቢዮው ይሰበራል

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች» ይላል የሀገራችን ሰው። የመኪና እሽቅድምድም ታሪክም እንደ በቅሎዋ ነው። ያሸነፈውን መኪና «በምን አሸነፍክ?» ሲሉት ስለ ፈረሱ ያወራል። ይህን ያህል ሲሊንደር፣ ይህን ያህል ሊትር፣ ይህን ያህል የፈረስ ጉልበት። ያን ሁሉ ፈረስ ተሸክሞ ጎማው ድረስ የሚያደርሰው ሳጥን ስሙ የሚነሳው ግን የተሰበረ ዕለት ብቻ ነው።

ዛሬ ስለዚያ ሳጥን ልናወጋ ነው። ፈረንጆቹ ብዙ ስም አላቸው፤ የእኛ ጋራዦች ግን «ካምቢዮ» ብለው ጨርሰውታል። ቃሉን ከጣሊያን ነው የወሰድነው። «ፍሪሲዮን» የምንለውም እንደዚያው። (ጣሊያን ሀገራችንን ሲለቅ ቃላቱን ለመካኒኮቻችን ጥሎ ሄዷል ማለት ነው።) ይህን ያነሳነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ዛሬ የምንተርከው ታሪክ የሚጀምረውም ጣሊያን ውስጥ ከተሠራ አንድ ካምቢዮ ነው።

በ2019 የወጣውን የፎርድና የፌራሪን ፉክክር የሚያሳየውን የሆሊውድ ፊልም ብዙዎቻችን አይተነዋል። ከፊልሙ ይዘን የወጣነው ስለ ትልቁ ሞተር፣ ስለ ፍሬኑ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ሁለት ሰዎች ወዳጅነት ነው። ጥሩ ፊልም ነው። ነገር ግን ጋዜጠኝነት ስንማር ከተነገሩን ጥያቄዎች መካከል «ማን?» እና «መቼ?» ቀላሎቹ ናቸው፤ ላብ የሚያስወጣው «ለምን?» ነው። ፎርድ በ1964 ለምን ተሸነፈ? በ1966 አሸንፎ ሲያበቃ ከስምንት ወር በኋላ ለምን ተዋረደ? ለእነዚህ «ለምን»ዎች መልሱ በአብዛኛው ካምቢዮው ውስጥ ነው ያለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳጥኑ ምን ይሠራል?

ነገሩን ከብስክሌት እንጀምር። ዳገት ስንወጣ ቀላሉን ጥርስ፣ ሜዳ ላይ ከባዱን እንመርጣለን። የመኪና ካምቢዮም ሥራው ይኸው ነው። ሞተር ደህና ጉልበት የሚሰጠው በተወሰነ የዙር ፍጥነት መካከል ስለሆነ፣ መኪናው ቢዘገይም ቢፈጥንም ሞተሩ ከዚያ ክልል እንዳይወጣ ማርሽ ይቀየርለታል። ፍሪሲዮኑ ደግሞ ማርሽ በሚቀየርባት ቅጽበት ሞተሩንና ካምቢዮውን ያለያያል።

እንግዲህ በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ «ገባ» ማለት፣ በተለያየ ፍጥነት የሚሽከረከሩ ሁለት ብረቶች ተገናኝተው ተቆላለፉ ማለት ነው። የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ጥርሶች በድንገት ቢገናኙ ያንን የምናውቀውን «ክርርር» የሚል ድምፅ ያሰማሉ። ለዚህ መፍትሔ ያመጣው በ1928 በካዲላክ መኪኖች ላይ የወጣው ሲንክሮናይዘር ነው። ጥርሶቹ ከመቆላለፋቸው በፊት ቀለበት የመሰለ ነገር ተሻሽቶ ፍጥነታቸውን ያስተካክላል። ዛሬ በከተማ የምንነዳው ባለ ማርሽ መኪና ሁሉ ይህ ቀለበት አለው።

የውድድር ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ቀለበቱን አውጥተው ጥለውታል። ምክንያቱም ቀለበቱ ሥራውን እስኪሠራ ድረስ የሴኮንድ ሽራፊ ይጠይቃል። በምትኩ «ዶግ» የሚሏቸውን ጥቂት፣ ወፋፍራምና ሰፋ ሰፋ ብለው የተቀመጡ ጥርሶች ይጠቀማሉ። እነዚህ ጥርሶች በፍጥነት ይገባሉ፤ ሆኖም ፍጥነቱን የማስተካከሉ ኃላፊነት ወደ ሾፌሩ ተዛወረ ማለት ነው። ሾፌሩ ማርሽ ሲቀንስ በእግሩ ጣት ፍሬን ይዞ በዚያው እግር ተረከዝ ነዳጅ እየሰጠ የሞተሩን ዙር ያስተካክላል። አንዴ ከሳተ የጥርሱ ጠርዝ ትንሽ ይላጣል። ደጋግሞ ከሳተ ጠርዙ ይከብባል። የከበበ ጥርስ ደግሞ የያዘውን ይለቃል፤ ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ማርሹ ራሱ እየወጣ ያስቸግራል።

አሁን ይህን ወደ ለማን እንውሰደው። ለማን ፈረንሳይ ውስጥ ከ1923 ጀምሮ የሚካሄድ የ24 ሰዓት ውድድር ነው። በ1966 ያሸነፈው መኪና 360 ዙር ሄዷል። በአንድ ዙር ሃያ ጊዜ ብቻ ማርሽ ይቀየራል ብለን ብናሰላ እንኳ 7,200 ጊዜ ይሆናል። ሰባት ሺህ ጊዜ፣ ከፊሉ በጨለማ፣ በደከመ እጅ። ከነዚያ ውስጥ ስንቱ ቢሳት ነው ሳጥኑ የሚፈርሰው? ሾፌሮቹን ሌሊቱን ሙሉ የሚያስጨንቃቸው ጥያቄ ይህ ነበር።

ከሞዴና የመጣው ካምቢዮ

በ1963 ሄንሪ ፎርድ ዳግማዊ የፌራሪን ኩባንያ ሊገዙ ተነሱ። ድርድሩ ገፋ ገፋ ብሎ የእሽቅድምድሙ ክፍል አዛዥ ማን ይሁን የሚለው ላይ ሲደርስ ኤንዞ ፌራሪ ጥለው ወጡ። ፎርድም «እንግዲያውስ በለማን እናሳያቸዋለን» የሚል እልህ ውስጥ ገባ። ፌራሪ ያን ጊዜ ለማንን በተከታታይ ማሸነፍ የጀመረበት ወቅት ነበር፤ ከ1960 እስከ 1965 ስድስት ዓመት ሙሉ የቀደመው አልነበረም።

ፎርድ ሞተር ነበረው፤ ገንዘብም ነበረው። የውድድር መኪና ግን አልነበረውም። ስለዚህ ዓይኑን እንግሊዝ ውስጥ ሎላ በሚባል ትንሽ ድርጅት ላይ ጣለ። የሎላው ኤሪክ ብሮድሊ በ1963 የፎርድን ሞተር ከሾፌሩ ጀርባ ያስቀመጠ ውብ መኪና ሠርቶ ነበር። ከሞተሩ ኋላ የተገጠመው ካምቢዮ የሞዴናው ቫለሪዮ ኮሎቲ ሥራ ነው። አዎ፣ ፌራሪን ለማሸነፍ የታሰበው መኪና ካምቢዮው ከፌራሪ ጎረቤት የመጣ ነበር።

ያ ሎላ በሰኔ 1963 ለማን ላይ ሲሰለፍ ከሁለቱ ሾፌሮች አንዱ የ23 ዓመቱ እንግሊዛዊ ሪቻርድ አትዉድ ነበር። ይህን ስም ያዙልን፤ ተመልሰን እንመጣበታለን። መኪናው ማርሽ አልገባ እያለ ሲያስቸግር ቆይቶ፣ የአትዉድ ጓደኛ ዴቪድ ሆብስ መታጠፊያ ላይ ማርሽ መቀነስ አቅቶት ከአጥር ጋር ተጋጨ። ማስጠንቀቂያው በ1963 ተሰጥቶ ነበር ማለት ነው።

ፎርድ ግን በሎላው ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ጂቲ40 የሚባለውን መኪና ሲሠራ ያንኑ የኮሎቲ ካምቢዮ ይዞ ቀጠለ። አራት ማርሽ ያለው፣ ሲንክሮናይዘር የሌለው። በ1964 ሦስት ፎርዶች ለማን ገቡ። ሪቺ ጊንተር በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ፌራሪዎቹን ጥሎ መምራት ጀመረ፤ ተመልካቹም ተደነቀ። ከዚያስ? ጊንተርና ማስተን ግሪጎሪ የያዙት መኪና ገና አመሻሹ ላይ ካምቢዮው ተሰብሮ ቆመ። አትዉድ የነበረበት ሁለተኛው መኪና በእሳት ተያያዘ። ሦስተኛው፣ የፊል ሂልና የብሩስ ማክላረን፣ የውድድሩን ፈጣን ዙር ካስመዘገበ በኋላ በማለዳ ካምቢዮው እንቢ አለ። ከሦስቱ ሁለቱን የጣለው ያው ሳጥን ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ፌራሪዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ኮሎቲን ብቻ መውቀስ አይገባም። የአንድ ካምቢዮ ጥንካሬ የሚለካው ከሚሸከመው ሞተርና ከሚነዳው እጅ አንጻር ነው። አጭር ውድድር ላይ የሚበቃ ጥርስ 24 ሰዓት ላይሞላ ይችላል። ነገር ግን «ካምቢዮውን ቀጥለን እናየዋለን» ማለት ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ፎርድ በሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተማረ።

ትልቅ ሞተር፣ ትልቅ ራስ ምታት

በ1965 ሥራው ወደ ካሮል ሼልቢ ቡድን ተላለፈ። አዲሱ ሐሳብ ባለ 7 ሊትር ሞተር መግጠም ነበር። ለዚህ ሞተር የሚሆን ካምቢዮ ከገበያ ስላልተገኘ ካር ክራፍት የተባለው የፎርድ አጋር ድርጅት ቲ-44 የሚባለውን ሠራ። ሐሳቡ ብልህ ነው። ጥርሶቹ ከፎርድ ትልቅ የቤት መኪና፣ ከጋላክሲ፣ ካምቢዮ የተወሰዱ ናቸው። የከባድ መኪና ጉልበት የለመዱ ወፋፍራም ጥርሶችን አዲስ ቤት ውስጥ አስገብቶ ከዲፈረንሻሉ ጋር ማዋሐድ።

ሁለቱ ባለ 7 ሊትር መኪኖች ለ1965ቱ ለማን የደረሱት በጥድፊያ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባል የለ? እንደ ጥይት ተተኩሰው ወጡ፤ ውድድሩ ሳያልቅ አንዱን ካምቢዮው፣ ሌላውን ፍሪሲዮኑ አስቀራቸው። ኬን ማይልስና ማክላረን የነበሩበት 45 ዙር ብቻ ነው የሄደው። የሚገርመው ደግሞ ያን ዓመት በፌራሪ ያሸነፈው ማን መሰላችሁ? ባለፈው ዓመት የፎርድ ካምቢዮ ጥሎት የነበረው ማስተን ግሪጎሪ፣ ከዮኸን ሪንት ጋር።

ከዚህ በኋላ ፎርድ ያደረገው ነገር ነው ለእኛ የታሪኩ እምብርት። ዲርቦርን ያሉት መሐንዲሶች ሾፌሩን ከመውቀስ ይልቅ ሾፌሩን በማሽን ተኩ። መኪናው በለማን ሲዞር ሞተሩ በየትኛው ቦታ ስንት ዙር እንደሚዞር፣ ማርሽ የት እንደሚቀየር ተመዘገበ። ከዚያ ሞተሩንና ካምቢዮውን አንድ ላይ የሙከራ ክፍል ውስጥ አስረው፣ ፍሪሲዮኑን የሚረግጥና ማርሹን የሚቀይር መሣሪያ ገጥመው፣ ግድግዳ ውስጥ እንዳለ ለማንን እንዲዞር አደረጉት። ሲሰበር ይፈቱታል፤ የተሰበረውን ያዩታል፤ ያንን ያጠነክሩታል፤ እንደገና ያስሩታል። ያለ ተመልካች፣ ያለ ጋዜጠኛ፣ ያለ ሻምፓኝ።

በ1966 ስምንት ባለ 7 ሊትር ፎርዶች ለማን ላይ ተነሱ፤ ሦስቱ ጨረሱ፤ ሦስቱም አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሆኑ። ማክላረንና ክሪስ ኤመን 4,843 ኪሎ ሜትር ሄደው አሸነፉ። ማይልስና ዴኒ ሃልም ከጎናቸው እየሄዱ ሁለተኛ የተባሉበት ጭቅጭቅ እስከ ዛሬ ያወያያል፤ ፊልሙም የቆመው እዚያ ላይ ነው። እኛ ግን አንድ ዙር እንቀጥል። ትምህርቱ ያለው ከድሉ በኋላ ነውና።

ዴይቶና 1967፦ መለወጥ መጠገን አይደለም

የካቲት 1967፣ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ። የዴይቶና 24 ሰዓት። ፎርድ በገዛ ሀገሩ፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት፣ የለማን ባለድል ሆኖ ስድስት መኪኖች አሰለፈ። ፌራሪም ከቂሙ ጋር መጣ።

ጥቂት ሰዓታት እንዳለፉ ፎርዶቹ አንድ በአንድ ወደ መጠገኛው መግባት ጀመሩ። ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው አይሄድም። ካምቢዮው ውስጥ ያለው የመውጫ ዘንግ (ጉልበቱን ከጥርሶቹ ተቀብሎ ወደ ኋላ ጎማ የሚያሳልፈው ማለት ነው) እየተሰበረ ነበር።

መካኒኮቹ አልደነገጡም። መለዋወጫ ካምቢዮ በሽ ነው። የፈላ ዘይት እየፈሰሰባቸው፣ እንደ ጋለ ምጣድ የሚያቃጥለውን ብረት እየፈቱ፣ አሮጌውን አውርደው አዲሱን ሰቀሉ። መኪናው ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ምን ሆነ? ያው ዘንግ። ደግመው ለወጡ። ደግሞ ተሰበረ።

ምክንያቱ በኋላ ሲጣራ ዘንጎቹ ሲሠሩ ብረቱ በእሳት ግሎ በልክ ቀዝቅዞ የሚጠነክርበት ሂደት ተበላሽቶ ተገኘ። በመኪናው ላይ ያሉት ዘንጎች ብቻ አልነበሩም፤ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡት መለዋወጫዎችም ከዚያው ብልሹ ምርት ነበሩ። እነዚያ መካኒኮች ሌሊቱን ሙሉ የለፉት አንዱን የታመመ ካምቢዮ በሌላ የታመመ ካምቢዮ ለመተካት ነበር ማለት ነው። ብረት ከውጪ ሲያዩት ያው ብረት ነው፤ ጉዳቱ በዓይን አይታይም።

ከስድስቱ ፎርዶች የጨረሰው አንድ ብቻ ነው፤ ያውም ሰባተኛ ሆኖ። ሦስት የፌራሪ መኪኖች ጎን ለጎን ተሰልፈው መጨረሻውን መስመር ሲያልፉ የተነሳው ፎቶ በእሽቅድምድም ታሪክ ከታወቁት ፎቶዎች አንዱ ነው። ከአሸናፊው ፌራሪ ሾፌሮች አንዱ ክሪስ ኤመን ነበር፤ ከስምንት ወር በፊት ለፎርድ ለማንን ያሸነፈለት። ያ ፎቶ በየመጽሔቱ «የፌራሪ በቀል» ተብሎ ይወጣል። ውብ ርዕስ ነው፤ ግን ግማሹ እውነት ፎቶው ውስጥ የለም። ግማሹ እውነት ከመጠገኛው ጀርባ የተከመሩት የተሰበሩ ዘንጎች ናቸው።

እኛ ይህን ታሪክ የወደድነው ከእሽቅድምድም ስለሚሰፋ ነው። አንድ ነገር ሲሰበር ሁለት ጥያቄ አለ። አንዱ «በምን እንተካው?» ነው። ሁለተኛው «ለምን ተሰበረ?» ነው። የመጀመሪያውን ብቻ የሚጠይቅ ሰው እጁ ፈጣን ቢሆንም ያንኑ ጉድለት መልሶ ይገጥመዋል። ፎርድ በ1966 ያሸነፈው ሁለተኛውን ጥያቄ ደጋግሞ ስለጠየቀ ነው። በ1967 ዴይቶና ላይ የተዋረደው ደግሞ መልሱን ያገኘ መስሎት መጠየቅ ባቆመበት ቦታ ነው። ከአራት ወር በኋላ፣ በሰኔ፣ ዳን ገርኒና ኤ. ጄ. ፎይት በአዲሱ ፎርድ ለማንን በ5,232 ኪሎ ሜትር ሲያሸንፉ ካምቢዮው ያው የቲ-44 ዘር ነበር። የተለወጠው ጥንቃቄው ነው።

ጥገና የሚጀምረው ከመሰበር በፊት ነው

ለመሆኑ የውድድር ካምቢዮ እንዴት ነው የሚጠበቀው? ከመሐል ሞተር ላላቸው የዚያ ዘመን የስፖርት መኪኖች እንነሳ። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ቤት ሆነው ከሞተሩ ኋላ፣ መኪናው ጭራ ላይ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሞተሩን ሳይነኩ ከኋላ በኩል ማውረድ ይቻላል። ይህን አሠራር ለውድድር ሰው እንጀራ ያደረገው እንግሊዛዊው ማይክ ሂውላንድ ነው። በ1957 ድርጅቱን መሠረተ፤ ቀጥሎም የቮልስዋገንን ተራ የካምቢዮ ቤት ወስዶ የራሱን ጥርሶች ከቶበት ለትናንሽ የውድድር መኪኖች መሸጥ ጀመረ። ትልቁ ጥቅሙ መካኒኩ የኋላውን ክዳን ከፍቶ ጥርሶቹን መለወጥ መቻሉ ነው።

ለምን ይለወጣሉ? ሳይሰበሩም ይለወጣሉ። ለማን ላይ እስከ 1990 ድረስ ስድስት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቀጥ ያለ መንገድ ነበረ፤ እዚያ የመጨረሻው ማርሽ ረዥም ካልሆነ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይዞርና ይፈነዳል። መታጠፊያ በበዛበት ሜዳ ደግሞ ያው ረዥም ማርሽ መኪናውን ያሰንፈዋል። ስለዚህ ለየሜዳው ጥርስ ይመረጣል፤ እንደ ክራር መቃኘት ማለት ነው።

የጥገናው ሥራ ግን ከዘይቱ ይጀምራል። ከየውድድሩ በኋላ የካምቢዮው ዘይት ይወርዳል። የማፍሰሻው ቡሎን ጫፍ ላይ ማግኔት አለ፤ መካኒኩ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። እንደ ዱቄት የላመ ብረት ከተገኘ የተለመደ መላላጥ ነው። ቅንጣቢ ወይም ስባሪ ከተገኘ አንድ ጥርስ ወይም አንድ ኩሽኔታ እያለቀ ነው፤ ሳጥኑ ይከፈታል። ሲከፈት የዶግ ጥርሶቹ ጠርዝ ይታያል፤ ስል ከሆነ ይመለሳል፤ ከከበበ ይጣላል። ማርሹን የሚገፋው ሹካ መጣመም አለመጣመሙ ይታያል። በዓይን ለማይታይ ስንጥቅ ቀለም ወይም ማግኔት የሚጠቀም ምርመራ አለ። ደግሞም እያንዳንዱ ጥርስ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚጻፍበት ደብተር አለ፤ ጥርሱ ደህና ቢመስልም ዕድሜው ከሞላ ይወጣል።

ካምቢዮው ከወረደ ላይቀር ደግሞ አብሮ የሚለወጥ አለ። የፍሪሲዮኑ ዲስክ፣ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ፣ የዘይት መከላከያው ፓራኦሊዮ። ዋጋቸው ከካምቢዮው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ ብቻቸውን ሲበላሹ ግን ያንን ሁሉ ሥራ እንደገና ያሠራሉ። ይህን የእኛም ጋራዦች አሳምረው ያውቁታል። መልሶ ሲገጠምም ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በቀጥታ መገናኘት አለበት። የቸኮለ ሰው በቡሎን እየሳበ ለማገናኘት ቢሞክር ዘንጉን ወይም ቤቱን ይጎዳል። ሥራው ትዕግሥት ነው።

የአትዉድ ምርጫ

አሁን ወደዚያ ያዙልን ወዳልነው ሰው እንመለስ። ሪቻርድ አትዉድ በ1963 በካምቢዮ፣ በ1964 በእሳት ከለማን ወጥቷል። በ1969 ፖርሽ 917 የሚባል አዲስ መኪና ይዞ ከቪክ ኤልፎርድ ጋር ተሰለፈ። ያ መኪና ፈጣንም አስፈሪም ነበር። ሌሊቱን መሩ፤ ንጋቱን መሩ፤ ውድድሩ ሊያልቅ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲቀረው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው የፍሪሲዮን ቤት ተሰንጥቆ ቆሙ። ያሸነፈው ማን ነው? ያው አሮጌ ጂቲ40፤ በ1968 ያሸነፈው ራሱ መኪና፣ በጃኪ ኢክስና በጃኪ ኦሊቨር እጅ። ከሁለተኛው ፖርሽ ጋር የነበረው ልዩነት ከ24 ሰዓት በኋላ 120 ሜትር ገደማ ነው። ካምቢዮው የጀርመኑ የዜድ ኤፍ ድርጅት ባለ አምስት ማርሽ ነበር፤ ከሲንክሮናይዘር ጋር። ፎርድ በ1964 ያጣውን አስተማማኝ ሳጥን መኪናው በስተርጅናው አገኘው።

ለ1970 አትዉድ ምን ዓይነት መኪና እንደሚፈልግ ተጠየቀ። አዲስ፣ ተለቅ ያለ ባለ 4.9 ሊትር ሞተር ነበረ፤ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮም ነበረ። እሱ ትንሹን ባለ 4.5 ሊትር ሞተርና አራት ማርሽ ያለውን ካምቢዮ መረጠ። በአንድ ሳጥን ውስጥ አራት ብቻ ከሆኑ እያንዳንዱን ማርሽ ወፍራም ማድረግ ይቻላል፤ የሚቀየርበትም ጊዜ፣ የሚሳትበትም አጋጣሚ ያንሳል። በልምምዱ ከሌሎቹ ዘግይቶ ሲታይ አትዉድ ራሱ በምርጫው ተጸጽቶ እንደነበር ኋላ ተናግሯል።

ውድድሩ ሲጀመር ዝናቡ መጣ። ፈጣኖቹ አንዳንዱ ተጋጨ፣ አንዳንዱ ሞተሩ ተቃጠለ። ከተነሱት 51 መኪኖች በደረጃ የተመዘገቡት 7 ብቻ ናቸው። ከሰባቱ ፊት የነበረው የአትዉድና የሃንስ ኸርማን ቀይና ነጭ ፖርሽ ነው። የፖርሽ ኩባንያ ለማንን በአጠቃላይ ውጤት ሲያሸንፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዛሬ በዚህ ውድድር ከማንም በላይ ብዙ ጊዜ ያሸነፈው ኩባንያ የመጀመሪያ ዋንጫውን ያገኘው «ትንሹን ሞተርና አራቱን ማርሽ ስጡኝ» ባለ ሰው እጅ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ብረት ሲሰበር ያየ ሰው የመረጠው ምርጫ ነው ይህ።

አንድ ሰዓት ተኩል

አንድ ታሪክ እንጨምርና እንጨርስ። ዴይቶና፣ 1971። ፔድሮ ሮድሪገስና ጃኪ ኦሊቨር በፖርሽ 917 በሰፊ ልዩነት እየመሩ ሳለ ካምቢዮው ተቆላለፈ። ያን ጊዜ ደንቡ ሙሉ ካምቢዮ መለወጥን ይከለክል ነበር። የውስጡን ዕቃ መለወጥ ይቻላል፤ ቤቱ ግን ያው መሆን አለበት። ስለዚህ መካኒኮቹ የጋለውን ሳጥን ከፍተው፣ የተጎዱትን ጥርሶች አውጥተው፣ አዲሶቹን በሥርዓት ደርድረው መልሰው ዘጉት። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጀ። መሪነቱ ወደ ፌራሪ ሄደ። ሮድሪገስና ኦሊቨር ወጥተው አሳደው ደረሱበት፤ በአንድ ዙር ልዩነትም አሸነፉ።

በ1967 ሙሉ ካምቢዮ እያወረዱ እየሰቀሉ ተሸነፉ፤ በ1971 ደንቡ ሳጥኑን ከፍተው እንዲያዩ ስላስገደዳቸው አሸነፉ ብንል ማጋነን ይሆናል፤ ዋናው የዕቃው ጥራት ነው። ግን የሁለቱ ሌሊቶች ልዩነት ልብ ይነካል። በዋንጫው ላይ የሁለት ሾፌሮች ስም አለ። የዚያች አንድ ሰዓት ተኩል ባለቤቶች ስም የለም።

ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ተለወጠ። በ1986 ፖርሽ ሁለት ፍሪሲዮን ያለው፣ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ የሚቀየር ካምቢዮ በ962 መኪናው ላይ ገጥሞ ሞንዛ ላይ አሸነፈ። በ1989 ናይጄል ማንሰል በመሪው ጀርባ ባለች ቁልፍ ማርሽ የሚቀየርለትን ፌራሪ ይዞ በፎርሙላ አንድ የብራዚልን ውድድር አሸነፈ። በ2000 ደግሞ አውዲ ለማን ላይ ካምቢዮውን ከነ ኋላ እግሩ እንደ ባቡር ፉርጎ ነቅሎ በጥቂት ደቂቃ ሌላ ሲገጥም ዓለም አፉን ከፈተ፤ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛም ወጣ። ኮምፒውተር ማርሽ እንዳይሳት ይጠብቃል፤ የሾፌሩ ተረከዝ አርፏል።

በእጅ የሚቀየረው ካምቢዮ ግን አልሞተም። ከ2002 ጀምሮ በሚካሄደው የለማን ክላሲክ ጂቲ40ዎቹና 917ዎቹ ዛሬም ይሮጣሉ። ስለዚህ ዛሬም ማግኔቱን የሚያይ፣ ጠርዙን በጣቱ የሚዳስስ፣ በደብተሩ ላይ ሰዓት የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ሙያው የሚኖረው በመጽሐፍ ሳይሆን በእጅ ነው፤ እጁ ሲያልፍ ሙያው እንዳያልፍ ደግሞ ታሪኩ መጻፍ አለበት።

እኛም የጻፍነው ለዚህ ነው። ከእንግዲህ አንድ መኪና አሸነፈ ሲባል ከፈረሱ ቀጥሎ ስለ በቅሎዋም ጠይቁ። ጋራዥ ገብታችሁ «ካምቢዮው ተለውጧል» ሲሏችሁም «እሰይ» ከማለታችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጣል አድርጉ፦ «የድሮው ለምን ተሰበረ?» ጥሩ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም። ወንበር ስቦ ያስረዳችኋል።

ቸር እንሰንብት።